የተዘጋ ድራይቭ ኢን ሲኒማን ትዝታ እንዴት እንሰብስብ

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ሜሪፊልድ በተባለው ሰፈር፣ ከ2012 (ሁሉም ዓመታት እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ወዲህ ሞዛይክ ዲስትሪክት የሚባለው የገበያና የመኖሪያ ማዕከል የቆመበት ቦታ ቀድሞ ሊ ሃይዌይ የሚባል ድራይቭ ኢን ሲኒማ ነበረበት። ተመልካቹ መኪናውን ሜዳው ላይ አቁሞ፣ ሳይወርድ፣ ከቤት በሚበልጥ ሸራ ላይ ፊልም ያይ ነበር። ሲኒማው በ1980ዎቹ ተዘግቷል። ያን ዘመን የሚያስታውሱ ወገኖቻችን ዛሬ በዕድሜ የገፉ በመሆናቸው ትዝታቸውን ለመጻፍ የሚያስብ ሰው ዛሬ ነገ ሊል አይገባውም።

ሥራው የሚጀመረው ከሰው ሳይሆን ከመሬቱ ነው። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የተባለው መሬትን የሚያጠና የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቆዩ የአየር ላይ ፎቶግራፎችን በነፃ ስለሚያቀርብ፣ በየዘመኑ የተነሡትን የአካባቢዎን ፎቶዎች አውርደው ያስተያዩ። የድራይቭ ኢን ሜዳ ከላይ ሲታይ በቀላሉ ይለያል፤ የመኪና ማቆሚያ ረድፎቹ ሸራውን ፊት ለፊት እያዩ እንደ ግማሽ ክብ ይጠማዘዛሉ። እያንዳንዱ ረድፍ ደግሞ የመኪናው አፍንጫ ወደ ላይ ቀና እንዲል ከፊቱ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህን አሠራር ያፈለቀው ሪቻርድ ሆሊንግስሄድ የሚባል የኒው ጀርሲ ሰው ሲሆን፣ በ1933 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቶ በዚያው ዓመት ጁን 6 ቀን በካምደን አቅራቢያ የመጀመሪያውን ድራይቭ ኢን ከፈተ። በጓሮው ሲሞክር ከመኪናው ጎማ ሥር ግንድ እያስገባ ከፍታውን ይለካ ነበር ይባላል።

ቀጥሎ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሂዱ። ሜሪፊልድ ለሚገኝበት ለፌርፋክስ ካውንቲ ነዋሪ የአካባቢውን ታሪክ የያዘው ቨርጂኒያ ሩም የተባለው ክፍል ጥሩ መነሻ ነው። በዚያ ዘመን ዕለታዊ ጋዜጦች የፊልም ማስታወቂያ ገጽ ላይ ይታይ የነበረውን ፊልም፣ ሰዓቱንና ዋጋውን ያገኛሉ፤ ቀኑንም ጨምረው ይመዝግቡ።

ዋናው ሥራ ግን ቃለ መጠይቁ ነው። እኔ ከአክስቴ ጋር ስጀምር «እትዬ፣ የትኛውን ፊልም አያችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት፤ «እሱን እንኳ አላስታውሰውም» ብላ ዝም አለች። መኪናው የማን እንደ ነበረ ስጠይቃት ግን በተዋሱት መኪና አምስት ሆነው ተጣበው መሄዳቸውን፣ በነሐሴ ሌሊት ብርድ ነጠላዋን ለሁለት መልበሳቸውን፣ የፋንዲሻውን ሽታ፣ እንግሊዝኛው ሳይገባት በሰማዩ ሥር የተዘረጋውን ግዙፍ ፊት ዝም ብላ ስታይ ማምሸቷን ያለ ማቋረጥ ነገረችኝ። ስለዚህ ከፊልሙ በፊት ስለ መኪናው ይጠይቁ፤ ማን ነዳ፣ ማን ከኋላ ተቀመጠ፣ ልጆቹ በስንተኛው ፊልም ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው የሚሉት ጥያቄዎች የተዘጋውን በር ይከፍታሉ።

ስለ ድምፁም ሳይጠይቁ አይለፉ። ከ1940ዎቹ ወዲህ ለረጅም ጊዜ ድምፁ የሚሰማው ከምሰሶ ላይ ተነሥቶ በመኪናው መስኮት ላይ ከሚንጠለጠል ድምፅ ማጉያ ሲሆን፣ በኋላ ግን በመኪናው ሬዲዮ በኤፍ ኤም ሆነ። የሚያናግሩት ሰው የትኛውን እንደሚያስታውስ ማወቅ የትዝታውን ዘመን ለመገመት በእጅጉ ይረዳል።

ቀረጻ ከመጀመርዎ በፊት ፈቃድ ይጠይቁ፤ ያወረዱትን ፎቶግራፍ በእጃቸው ይስጧቸው፤ በአማርኛ የሚናገሩትንም እንዳለ ይተዉት፣ ወዲያው መተርጎም የንግግሩን ለዛ ያጠፋዋልና። የፊልም ስም ወይም ዓመት ቢሳሳቱ አያርሟቸው። የተናገሩትን እንዳለ ጽፈው፣ ከጋዜጣው ያገኙትን በኅዳግ ያስቀምጡ። ከቅጂው አንዱን ለቤተሰባቸው መስጠት ግዴታዎ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሲኒማው ለምን ተዘጋ የሚለውን ከሰው አፍ ብዙ አይጠብቁ፤ ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻ ጉብኝቱን እንጂ የመዘጊያውን ቀን አይደለም። በአጠቃላይ የከተማ ዳር መሬት መወደዱ፣ በ1967 በስፋት ሥራ ላይ የዋለው የበጋ ሰዓት አቆጣጠር (ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት የሚገፋው) ጨለማውን አዘግይቶ ፊልሙ እንዲመሽ ማድረጉ፣ በኋላም የቪዲዮ ማጫወቻ በየሰው ቤት መግባቱ ብዙዎቹን ድራይቭ ኢኖች አዳክሟቸዋል።

ከተቻለ ደግሞ ትዝታው ያለበትን ሰው በሕይወት ወዳለ ድራይቭ ኢን ይውሰዱ። በሜሪላንድ፣ ሚድል ሪቨር የሚገኘው ቤንጂስ በ1956 የተከፈተ ነው፤ ከመነሣትዎ በፊት የሚሠራበትን ወቅት ያረጋግጡ። ከፊት ወንበር ያስቀምጧቸው፤ ፊልሙ ሲታይ ግን ምንም አይጠይቁ። መቅረጫውን የሚከፍቱት ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ጨለማው መንገድ ላይ፣ እሳቸው በራሳቸው ጊዜ መናገር ሲጀምሩ ነው።