ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር አጭር የብርሃን ምት እንዴት ይወጣል?

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ብርሃን አይታይም፤ የሞገድ ርዝመቱ 10.6 ማይክሮሜትር አካባቢ የሆነ ኢንፍራሬድ ነው። ሳያቋርጥ ሲበራ ብረት ይቆርጣል። ጉልበቱ በአንዲት ቅጽበት ታጭቆ ሲወጣ ግን ሌላ ጉድ ነው።

መጀመሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ናይትሮጅንና ሂሊየም ይደባለቃሉ። ድሮ ጋዙ በረጅም ቱቦ ውስጥ በዝቅተኛ ግፊት ነበር የሚሰራው። እ.ኤ.አ. በ1970 ካናዳ ውስጥ ተመራማሪው ዣክ ቦልዩ ኤሌክትሪኩን ከጎን በማስገባት በተራ የአየር ግፊት እንደሚሰራ አሳየ።

ቀጥሎ ጋዙ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይዘጋጅና በሁለት ረጃጅም ኤሌክትሮዶች መካከል በአስር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይለቀቃል። ክፍተቱ ከዳር እስከ ዳር ወጥ ሆኖ ከበራ ተሳክቷል። መብረቅ የመሰለ ቀጭን ክር ከታየ ግን ኤሌክትሪኩ አንድ ቦታ ሾልኳል፤ ያ ምት ባክኗል ማለት ነው። አደራ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ማብሪያው ከጠፋ በኋላም ሊገድል የሚችል ኤሌክትሪክ ይይዛሉ። ጨረሩም ዓይን ያቃጥላል። ይህ የሰለጠነ ሰው በላብራቶሪ የሚሰራው ሥራ ነው።

አሁን ምቱን በኦሲሎስኮፕ፣ ማለትም ምልክት ከጊዜ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ በሚስል መሣሪያ፣ ማየት ነው። ፊት ለፊት 100 ናኖሴኮንድ (ናኖሴኮንድ የሴኮንድ ቢሊዮንኛ ነው) ገደማ የሚቆይ ሹል ጫፍ አለ። ከኋላው ማይክሮሴኮንድና ከዚያ በላይ የሚጎተት ጅራት ይከተላል። ጅራቱ የናይትሮጅን ሥራ ነው። ጉልበቱን ይዞ ይቆይና ለካርቦን ዳይኦክሳይዱ ቀስ እያለ ያቀብላል። ናይትሮጅኑ ሲቀነስ ጅራቱ ይጠፋል፣ የምቱ ጉልበትም አብሮ ይቀንሳል።

ከዚህ ያጠረ ምት ለማግኘት ምቱን መቁረጥ የግድ ነው። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ የጀርማኒየሙ ዘዴ ነው። ጀርማኒየም ስታዩት ብረት ይመስላል፣ ኢንፍራሬዱን ግን ያሳልፋል። ብርሃኑ ሳይንጸባረቅ በሚያልፍበት ማዕዘን ይቀመጣል። ከዚያ የሌላ ሌዘር እጅግ አጭር ምት ገጹን ሲመታው ኤሌክትሮኖች ይለቀቁና ለአፍታ መስታወት ይሆናል። ተንጸባርቆ የሚመጣው ብርሃን የሚጀምረው ልክ በዚያች ቅጽበት ነው። መጨረሻውን የሚቆርጠው ሁለተኛ የጀርማኒየም ዝርግ ነው፤ እስኪመታ ድረስ ያሳልፋል፣ ሲመታ ይዘጋል። ሰዓቱ የሚሞላው በመንገድ ርዝመት ነው። ሁለተኛውን ዝርግ የሚመታው ምት መንገድ በ30 ሴንቲሜትር ቢረዝም 1 ናኖሴኮንድ ይዘገያል፤ በ3 ሚሊሜትር ቢረዝም 10 ፒኮሴኮንድ (ፒኮሴኮንድ የናኖሴኮንድ ሺኛ ነው) ብቻ።

የተቆረጠው ምት ደካማ ስለሆነ በሌላ ጋዝ ውስጥ አልፎ ይጎለብታል። በተራ ግፊት ጋዙ የሚያጎላቸው የሞገድ መስመሮች ተነጣጥለው ስለሚቀመጡ የፒኮሴኮንዱ ምት ወደ ብዙ ምቶች ይሰነጣጠቃል። ግፊቱ ወደ 10 እጥፍ ሲደርስ መስመሮቹ ይገጥማሉ፤ ምቱም እንደ አጠረ ይጎለብታል።