ካሴት ቤትና ሸክላ ቤት ስንገባ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ልጅ ሳለሁ አዳማ ውስጥ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰፈሬ መድረሴን የማውቀው በሙዚቃ ነበር። ካሴት ቤቱ በሩ ላይ ትልቅ ስፒከር ያስቀምጣል። አዲስ ካሴት በወጣ ሰሞን ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ ይደጋግሙታል። ካሴቱን ሳንገዛው ግጥሙን በቃላችን እንይዘዋለን። ያኔ ስፒከሩ ሥር ቆሜ የሰማሁት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ካደግሁ በኋላም አዲስ ከተማ ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ሙዚቃ ቤት የት እንዳለ ነው።

አሁን አሁን የሰፈራችን ወጣቶች ካሴትና ሸክላ መፈለግ ጀምረዋል። በጣም ደስ ይለኛል። ግን እኔ የተሳሳትኩትን ሲሳሳቱ አያለሁ። አንዳንዱ ስህተት ይታረማል፣ አንዳንዱ ግን አይመለስም። የማውቀውን ልንገራችሁ።

በሰሌዳው ፈርዶ ማለፍ

የድሮዎቹ ካሴት ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬ በድሮ ስማቸው የሉም። ሰሌዳው «ሞባይል ጥገና» ወይም «ሚሞሪ እንጭናለን» ይላል። መስታወቱ ውስጥ የሚታየው ቻርጀር፣ ኤርፎንና የስልክ ከቨር ነው። ወጣቱ ይህን አይቶ «አዳማ ውስጥ ካሴት የሚሸጥ የለም» ይላል።

ብዙ ጊዜ ግን ባለቤቱ ያው የድሮው ሰው ነው። ካሴቱንም አልጣለውም። በካርቶን አድርጎ ባንኮኒው ሥር ከቶታል፣ ወይም ቆጥ ላይ ሰቅሎታል። መግባትና መጠየቅ ብቻ ነው። «ጋሼ፣ የድሮ ካሴት ይኖርዎታል?» በሉ። ፊታቸው እንዴት እንደሚበራ ታያላችሁ።

«አለ? የለም? እሺ ቻው»

ስልኩ ላይ ዝርዝር ጽፎ የሚመጣ ሰው አለ። ሦስት ስም ያነባል። «የለም» ሲባል ይወጣል። ሙዚቃ ቤትን እንደ ፋርማሲ ነው ያየው።

እኔ ለዓመታት እንዲህ ነበርኩ። ሙዚቃ ቤት ውስጥ ትልቁ ሀብት የባለሱቁ ጆሮ መሆኑን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። የማዘወትረው ቤት ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ዜማ ስታንጎራጉሩላቸው ዘፋኙን ይነግሯችኋል። ባንዱንም ይነግሯችኋል። አንዳንዴ ሳክስፎን የተጫወተውን ሳይቀር። አንድ ቀን ርዕሱን የማላውቀው ዘፈን ፍለጋ ሄጄ ሁለት መስመር አንጎራጎርኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። ከዚያ «አንተ የሰማኸው በኋላ የተዘፈነውን ነው፤ ቆይ፣ የመጀመሪያውን ላሰማህ» አሉኝ። ከካርቶኑ ውስጥ ሽፋን የሌለው ካሴት አወጡ። ያንን ዘፈን ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ብከርም አላገኘውም ነበር፤ ስሙንም አላውቀውማ።

ስለዚህ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ። ቅዳሜ ከሰዓት ጥሩ ነው። ደንበኛ ሲበዛ ዳር ያዙና ጠብቁ። ከጎን ካለው ቤት ማኪያቶ አስመጡላቸው። የምትወዷቸውን ሁለት ሦስት ዘፈኖች ንገሯቸውና «ከእነዚህ ጋር የሚሄድ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ አንድ ነገር ግዙ። ሁለት ሰዓት አዳምጦ፣ ሽፋኑን ሁሉ በስልክ ፎቶ አንስቶ ባዶ እጁን የሚወጣ ሰው አይቻለሁ። እሳቸው የቤት ኪራይ አለባቸው።

ሌላው ደግሞ በራስ ቋንቋ መደርደሪያ ብቻ መቆም ነው። አዳማ አማርኛውም ኦሮምኛውም በአንድ ጎዳና የሚሰማባት ከተማ ናት። አሊ ቢራ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛ የተጫወተ ሰው ነው። የእሱን ካሴት አልፎ የሚሄድ የአማርኛ ሙዚቃ ወዳጅ ስንት ነገር እንደሚቀርበት አያውቅም።

የማን አቆጣጠር እንደሆነ ሳይጠይቁ ዓመቱን ማመን

ይህ ገንዘብ የሚያስከፍል ስህተት ነው፤ እኛን ብቻ የሚያጋጥም ስህተትም ነው። ሽፋኑ ላይ ወይም የሻጩ ወረቀት ላይ 1967 የሚል ቁጥር አያችሁ እንበል። በእኛ ከሆነ ደርግ ሥልጣን የያዘበት ዓመት ነው፤ በፈረንጆቹ ከ1974 መስከረም እስከ 1975 መስከረም ያለው ማለት ነው። በፈረንጆቹ ከሆነ ግን የእኛ 1959 መጨረሻና 1960 መጀመሪያ ነው። የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት በሌላ አገር ሙዚቃ ብዙም ላይታይ ይችላል። በእኛ ሸክላ ታሪክ ግን ሁሉ ነገር የሆነው በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ነው።

በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ፣ ያኔ የ24 ዓመት ወጣት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚቃ ቤት ከፍቶ የውጭ ሸክላ ይሸጥ ነበር። ደንበኞቹ የሚወዷቸው የአገራችን ዘፋኞች ግን በሸክላ የሉም። እሱም ክልከላውን ተጋፍቶ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ጀመረ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር፤ ሕንድ አገር ታትሞ ነው የመጣው። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና ደርዘን ያህል አልበሞች አወጣ። ከእሱ በኋላ የአሊ አብደላ ካይፋ፣ ካይፋ ሪከርድስ መጣ። በእኛ ወደ 1970 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ካሴት ሸክላን ጨርሶ ተካው። በሙሉ ቢቆጠር አሥር ዓመት አይሞላም። ይህንን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል፤ ከአንድ ሙዚቃ ቤት ባንኮኒ የተነሳ ነገር ነው።

ይህን ያህል ካወቃችሁ ብዙውን ነገር ራሳችሁ ታጣራላችሁ። «የአምሃ ሸክላ ነው፣ በፈረንጅ 1967 የታተመ» የሚላችሁ ሰው ወይ አቆጣጠሩን አምታቷል ወይ እያታለላችሁ ነው። ያኔ ኩባንያው ገና አልተቋቋመም።

ሽፋኑን አይቶ መክፈል

ሸክላን ከሽፋኑ አውጡት። ጠርዙንና መሐሉን ብቻ ያዙ፤ ጣት ያረፈበት ቦታ ቅባት ይይዛል፣ ቅባት ደግሞ አቧራ ይስባል። ወደ መስኮት አዙራችሁ ብርሃን አሳዩት። ብርሃን ላይ ብቻ የሚታይ ቀጭን ጭረት ብዙም አይጎዳም። በጥፍር ሲነካ የሚሰማ ጭረት ግን መርፌውን ያዘልላል። ከዚያ በዓይናችሁ ትክክል ያዙትና ጠፍጣፋ መሆኑን እዩ።

ትንሹ ሸክላ 7 ኢንች ነው፤ በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራል። ትልቁ 12 ኢንች ሲሆን 33 ከሲሶ ይዞራል። ከትንንሾቹ አንዳንዶቹ መሐላቸው ሰፊ ቀዳዳ አለው፤ ማጫወቻችሁ ላይ እንዲቀመጥ ማጥበቢያ ያስፈልገዋል። ቤት ደርሶ ከማዘን እዚያው መጠየቅ ነው።

ካሴት ከሆነ ክሩ በሚታይበት በኩል ከክሩ ኋላ ያለችውን ትንሽ ጨርቅ ፈልጉ። ክሩን ከማጫወቻው ጋር የምታጣብቀው እሷ ናት። ከወደቀች ድምፁ ይታፈናል። በመስኮቱ ስታዩ ክሩ ላይ ነጭ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ማጫወቻችሁን ያበላሻል። በተረፈ «ይሞክሩልኝ» ማለት ነውር የለውም። ካሴት ሞክሮ የማይሸጥ አላጋጠመኝም። ሸክላ ግን ይቸግራል። የጋሼ ማጫወቻ ይሠራል፤ መርፌው ግን ካለቀ ቆይቷል። እሳቸው ቤት ሸክላ የምንገዛው በዓይን ብቻ ነው።

ኮፒን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት

«የድሮ ዘፈን ባለቤት የለውም» የሚል ወሬ አለ። ስህተት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ካለፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ዘፋኙም አሳታሚውም የየራሳቸው መብት አላቸው። አባዝቶ መሸጥ ከእነሱ ኪስ መውሰድ ነው።

ነገር ግን በእጅ የተጻፈበትን ካሴት ሁሉ ኮፒ ነው ብላችሁ አትናቁ። የዘጠና ደቂቃ ባዶ ካሴት ተገዝቶ ከሬዲዮ የተቀዳ አለ። ሠርግ ላይ የተቀዳ አለ። የሰፈር አዝማሪ የተቀዳበት አለ። እንዲህ ያለው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ካገኛችሁት መጀመሪያ በጀርባው በኩል ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሩ። ከዚያ በኋላ በስህተት ሌላ ነገር አይቀዳበትም።

የአዳማን ሙቀት መርሳት

ሸክላ ፕላስቲክ ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርዱ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ያ ሸክላ ለማጣመም ይበቃል። አንዴ ከተጣመመ በቀላሉ አይቃናም። ገዝታችሁ ሶደሬ ለመዋኘት ከምትሄዱ መጀመሪያ ቤት አድርሱት። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ቆጥ ላይም አታስቀምጡት። እንደ መጽሐፍ ቀጥ አድርጋችሁ ደርድሩት እንጂ አትደራርቡት። የእኛ ነፋስ ተርባይን የሚያዞር ነው፤ አቧራውም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ከሽፋኑ ውጪ አታሳድሩት። ካሴትን ደግሞ ከትልቅ ስፒከር አርቁት፣ ማግኔቱ ድምፁን ይጎዳዋል።

ሳያዩ ለቆራሌው መስጠት

ይህኛውን የምጽፈው እያዘንኩ ነው። አጎቴ ድሬዳዋ በባቡር ይመላለስ ነበር። ሲመጣ ሁሌም ሸክላ ይዞ ነው። ካረፈ በኋላ ዕቃው ለዓመታት ማዕድ ቤት ጥግ ቆየ። አንድ ቀን ግቢ ስናጸዳ ቆራሌው አለፈ። የተበላሸውን ማጫወቻ ሸጥንለት። የሸክላውን ሳጥን ምርቃት አድርገን ጨመርንለት። ተሸክሜ በሩ ድረስ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ውስጡ ምን እንዳለ አንድም ሰው አላየም።

በኋላ ነው የገባኝ። እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጂየም ውስጥ የማሕሙድ አሕመድ ሥራዎች በሸክላ ታትመው አውሮፓ ሰማቸው። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ የዚያን ዘመን ሙዚቃ በሲዲ አወጣ። ከዚያ ወዲህ የድሮ ሸክላዎቻችንን የሚፈልጋቸው ሰው በየአገሩ አለ። ግን እኔን የሚያሳዝነኝ ዋጋው አይደለም። አጎቴ ምን ይሰማ እንደነበር አላውቅም። መቼም አላውቅም።

እናንተ ቤት ሳጥን ካለ ክፈቱት። የእያንዳንዱን መሐል ያለውን ወረቀት ፎቶ አንሱ። ሽማግሌ ካለ አስቀምጣችሁ ጠይቁ። ልትሸጡም ከሆነ ሁለት ሦስት ሰው አሳዩ፤ በጅምላ «ልውሰደው» ለሚላችሁ አትቸኩሉ። በተቃራኒው ሸክላ ሁሉ ወርቅ ነው ማለትም አይደለም። የተቧጨረ የውጭ ዘፈን ሸክላ የትም ሞልቷል።

ሌላ ከተማ ሄዶ የአገር ቤቱን ብቻ መፈለግ

ለንደን የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለች። መጀመሪያ ሰሞን ስትደውል የምጠይቃት አንድ ነገር ነበር፦ «የእኛ ሙዚቃ አለ ወይ?» በኋላ ግን ጥያቄዬ ተለወጠ። ከትልልቅ ኩባንያዎች ነፃ የሆነ እያንዳንዱ ሙዚቃ ቤት የራሱ ከተማ ጆሮ አለው። ለንደን ያለው ራፍ ትሬድ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲከፈት የፓንክ ሙዚቃ ልጆች መሰብሰቢያ ሆነ፤ ቆይቶም ራሱ አሳታሚ ሆነ። ልክ እንደ አምሃ ከሱቅ ወደ ማሳተም ሄደ። በርሊን ያለው ሃርድ ዋክስ እ.ኤ.አ. በ1989 የተከፈተ ሲሆን የቴክኖ ሙዚቃ የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው አሜባ ድሮ ቦውሊንግ መጫወቻ በነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። ዌልስ ካርዲፍ የሚገኘው ስፒለርስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1894 የተከፈተ ነው፤ ከአድዋ ድል ሁለት ዓመት ይቀድማል። ዛሬም ይሸጣል። ሩቅ አገር መሄድም ግድ አይደለም፤ ናይሮቢ ኬንያታ ገበያ ውስጥ፣ ከሥጋ ቤቶቹ ጋር፣ አሮጌ ሸክላ የሚሸጥበት ቦታ አለ።

እንዲህ ያለ ቤት ዘመድ ሲገባላችሁ «የዚህ ከተማ ሰው የሚወደው የትኛው ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ንገሩት። የእኛን ሸክላ ካገኘም ዳግም የታተመ መሆኑንና አለመሆኑን ያጣራ። ዳግም ኅትመት መጥፎ አይደለም፤ ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል። የመጀመሪያው ኅትመት ነው ተብሎ ሲሸጥ ነው ችግሩ።

ደግሞ ሸክላ ብቻ አታስመጡ። መርፌ አስመጡ። እዚህ ማግኘት ከባድ ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። የማጫወቻውን ሞዴልና የድሮውን መርፌ ፎቶ ቀድማችሁ ላኩ፤ ሁሉም ለሁሉም አይገጥምም። እኔ ሁለት ጊዜ ያልሆነ መርፌ አስመጥቻለሁ። በሦስተኛው የጋሼን ማጫወቻ ከሦስት በኩል ፎቶ አንስቼ ላክሁ። የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ መጥታ በትንሽ ሳጥን ሰጠችኝ። ትናንት ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት። «ይሄ ነው» አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ልንገጥመው ተቀጣጥረናል፤ የሚጀምሩበትን ሸክላ ከአሁኑ መርጠው ባንኮኒው ላይ አቁመውታል።