ኮርና ሲመታ ዳኛ የሚሳሳትባቸው ነገሮች

በክረምት የሰፈር ውድድር ፊሽካ መንፋት ስጀምር ኮርና ደስ ይለኝ ነበር። ጨዋታው ይቆማል፣ ላብ ይጠረጋል፣ ትንፋሽ ይሰበሰባል። አሁን ግን ከጨዋታው ሁሉ የምፈራው እሱን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ከሰው የሰማኋቸው አይደሉም፤ አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ኳሷን መከተል

የስህተቶች ሁሉ አውራ ይሄ ነው። መቺው ሲንደረደር ዐይን ሳይታዘዝ ወደ እሱ ይሄዳል፣ ከዚያም ከኳሷ ጋር አብሮ ይበራል። ኳሷ እስክትወርድ ያለችው አንድ ሁለት ሰከንድ ግን ማልያ የሚጎተትባት ሰዓት ናት። አየር ላይ ያለች ኳስ ማንንም አትጠልፍም! መመታቷን በዐይን ጠርዝ አይታችሁ ወዲያው ወደ ሰዎቹ ተመለሱ። የጎሉን መስመር ባንዲራው ጋ ለቆመው ረዳት ዳኛ ተዉለት። ሁሉንም ተጫዋች ማየት ስለማይቻል ሁለት ሦስት የአጥቂና የተከላካይ ጥንድ ምረጡ። እኔ መጀመሪያ የምፈልገው ጀርባውን ለኳሷ ሰጥቶ የሚጠብቀውን አጥቂ ብቻ የሚያየውን ተከላካይ ነው። እሱ ዐይኑ ሥራ ከፈታ እጁ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ያልፋቸዋል። በ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ እንግሊዝ ቮልጎግራድ ላይ ከቱኒዝያ ስትጫወት አጥቂዋ ሃሪ ኬን በኮርና ጊዜ ሁለቴ ታቅፎ ወደቀ፤ ፊሽካ አልተነፋም፣ ቪኤአርም (በቪዲዮ የሚያግዘው ዳኛ) ዝም አለ። ከስድስት ቀን በኋላ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ ላይ ከፓናማ ጋር ያው ዓይነት ማቀፍ ሲደገም ግብጻዊው ዳኛ ገሃድ ግሪሻ ሪጎሬ ሰጠ። ኬን ራሱ መትቶ አገባት።

ኳሷ እስክትመታ አፍን መዝጋት

ከመመታቷ በፊት ሲተቃቀፉ እያዩ ዝም ማለት ጉድጓድ ቆፍሮ እንደ መጠበቅ ነው። ፊሽካ ንፉ፣ ግቡ፣ ሁለቱን ለይታችሁ «አይቻችኋለሁ» በሏቸው። ካልሰሙና ከቀጠሉ ቢጫ ካርድ አለ። ኳሷ ከተመታች በኋላ ከሆነ ደግሞ ቅጣት ምት ወይም ሪጎሬ ነው። ግን ምክሩ አንዴ ይበቃል። በየኮርናው ገብቶ የሚሰብክ ዳኛ በሦስተኛው የሚሰማው አያገኝም።

በረኛውን እንደ እንቁላል መያዝ

ጎሉ ፊት ባለችው ትንሿ ሳጥን ውስጥ በረኛ ከተነካ ፋውል ነው የሚል ሕግ የለም። ኳሷን በእጁ ከተቆጣጠራት በኋላ አይነካም፤ ከዚያ በፊት ግን እንደ ማንኛውም ተጫዋች ነው። በአካሉ ተገፍቶ ወይም ተይዞ መዝለል ካቃተው ጥፋት ነው። አጥቂው ቀድሞ ቦታውን ይዞ ቆሞ በረኛው መጥቶ ከተጋጨው ግን ጥፋቱ የማን ነው? ብዙዎቻችን የቀለለውን መርጠን ለበረኛው እንነፋለን፤ በሱ ማንም ስለማይጮህ።

አጥቂውን መርሳት

ሁሌ ተከላካዩን ብቻ ስንጠብቅ፣ ኳሷን ጨርሶ የማይፈልገው አጥቂ የጓደኛውን ጠባቂ መንገድ ይዘጋል። መንገድ ላይ መቆም መብት ነው፤ ሰው ሲመጣ እርምጃ ወስዶ መንገዱ ውስጥ መግባት ግን ጥፋት ነው። ስለዚህ እግሩን እዩ፦ ቆሞ ነበር ወይስ ተንቀሳቀሰ?

ቅጣት ምት ላይም ከ2019 ጀምሮ ሦስትና ከዚያ በላይ ተከላካዮች ግድግዳ ከሠሩ አጥቂዎች ኳሷ እስክትመታ ከግድግዳው ቢያንስ 1 ሜትር መራቅ አለባቸው። በሰፈር ሜዳ ይህን የሚያውቅ ተጫዋች ጥቂት ነው፣ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ኳሷ ሳትመታ ሪጎሬ መስጠት

በዚህኛው የተዋረድኩት መቼም አይረሳኝም። መቺው ኳሷን እያመቻቸ ነው። አንድ ተከላካይ የአጥቂውን ማልያ ከኋላ ይዞ ሲጎትት ጨርቁ እንደ ላስቲክ ሲለጠጥ አየሁ። ነፋሁና በኩራት ወደ ሪጎሬው ነጥብ ጠቆምኩ። ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። ባንዲራ ይዘው የቆሙት አንድ የድሮ ዳኛ በእጃቸው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ኳሷ መች ተመታች?»

«ጋሼ፣ ማልያውን እኮ ሊቀደው ነበር!»

«እሱማ ልክ ነህ። ግን ጨዋታ ሳይጀመር በምን ሪጎሬ ትሰጣለህ? ቢጫህን አውጣና ኮርናው ይመታ።»

ልክ ነበሩ። ኳሷ ተመትታ በግልጽ እስክትንቀሳቀስ ድረስ ጨዋታው ቆሟል፤ ጥፋተኛው ካርድ ሊያይ ይችላል እንጂ ቅጣት ምትም ሪጎሬም አይሰጥበትም። ፊቴ በርበሬ መስሎ ውሳኔዬን አጠፍኩ። አንደኛው ቡድን አጨበጨበልኝ፣ ሌላኛው ሊበላኝ ደረሰ። ኮርናው ተመታ፤ ያ ማልያው የተለጠጠው ልጅ ብቻውን ዘሎ በጭንቅላቱ ገጫት፣ ኳሷም ከጎሉ በላይ አልፋ ባህር ዛፉ ውስጥ ገባች።