ሸርጣን ሲጸዳ፦ ካድሚየሙ ነጩን ሥጋ እንዳይነካ

በአውሮፓ የአትላንቲክ ዳርቻ የሚሸጠው ትልቁ ቡናማ ሸርጣን ሁለት ዓይነት ሥጋ አለው። የመቆንጠጫውና የእግሮቹ ነጭ ጡንቻ ነው። ከጀርባ ቅርፊቱ ሥር ያለው ቡናማው ግን በአብዛኛው የጉበትንም የቆሽትንም ሥራ የሚሠራ ዕጢ ነው። መዳብና ዚንክ የሚከማቹት እዚሁ ነው፤ የሸርጣን ደም ኦክስጅን የሚሸከመው በመዳብ ስለሆነ ያለ መዳብ አይኖርም። እነዚህን ማዕድናት የሚይዘው ፕሮቲን ታዲያ ኩላሊትን የሚጎዳውን መርዛማ ብረታ ብረት ካድሚየምንም አጥብቆ ይይዛል።

የአውሮፓ ኅብረት ለነጩ ሥጋ በኪሎ 0.5 ሚሊግራም የካድሚየም ጣሪያ አለው፤ ቡናማውን ግን አይመለከትም። የኅብረቱ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ያስቀመጠው የሳምንት ልክ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 150 ማይክሮግራም (0.15 ሚሊግራም) ነው። ቡናማው በኪሎ 5 ሚሊግራም ቢይዝ 30 ግራም፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ ልኩን ይሞላዋል። ካድሚየም ብረታ ብረት ነውና እሳት አያጠፋውም፤ ኩላሊት ውስጥ ከገባ ደግሞ ለዓመታት ይቀመጣል። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ቡናማውን ጨርሶ አለመስጠት ይሻላል።

ትልቁ ስሕተት ሸርጣኑን ሙሉውን ፍሪዘር መክተት ነው። ሲበርድና ሲቀልጥ ዕጢው ይፈርስና ፈሳሹ ወደ ነጩ ሥጋ ይሰርጋል። ሙሉውን መቀቀልም ካድሚየሙን ያዛምታል። ስለዚህ ሸርጣኑ እንደሞተ፣ ጥሬውን ሳለ፣ መቆንጠጫውንና እግሮቹን ከሰውነቱ አጠገብ ካለው መገጣጠሚያ ጠምዝዛችሁ ንቀሉ። ቡናማ ፈሳሽ ከነካቸው ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡ። በሊትር 30 ግራም ጨው በገባበት የፈላ ውኃ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ቀቅሉና ውኃውን ድፉት።

የተቀቀለ ሙሉ ሸርጣን ከገዛችሁ በጀርባው አስተኙት፤ ያኔ ፈሳሹ እንደ ሳህን ቅርፊቱ ውስጥ ይቀራል። በመጀመሪያ መቆንጠጫውንና እግሮቹን ንቀሉና ለብቻ አስቀምጡ። ቀጥሎ በሁለት አውራ ጣት መካከለኛውን አካል ከኋላ በኩል ወደ ላይ ገፍታችሁ አላቁት። ጣት የሚመስሉት ግራጫ፣ ለስላሳ ነገሮች መተንፈሻዎቹ ናቸው፤ አይበሉም፣ አንድ በአንድ ንቀሏቸው። ቡናማውን በማንኪያ ጠርጋችሁ አውጡ። እጃችሁን፣ ቢላውንና መክተፊያውን ሳትታጠቡ ነጩን አትንኩ፤ ድካሙ ሁሉ መና የሚቀረው እዚህ ላይ ነው።

ለመረቅ የእግሮቹን ቅርፊት ብቻ ቀቅሉ፤ የጀርባው ቅርፊት ምንም ቢታጠብ የዕጢው ቅሪት ጥጋጥጉ ላይ ይጣበቃል።