ሐረር የራምቦን ቤት ስታዩ አንድ ፎቶ ምረጡ

በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም በሚጠራው ቤት ውስጥ የተሰቀሉት የድሮ ሐረር ፎቶዎች ብዙ ናቸው። ሁሉንም እኩል ለማየት ከሞከራችሁ ከበሩ ሳትወጡ ይምታቱባችኋል። መላው ቀላል ነው፦ አንድ ዙር ቃኙና አንዱን ብቻ ምረጡ። የከተማው በር ወይም የገበያ ፎቶ ቢሆን ይመረጣል። ቦታውን አስጎብኚውን ጠይቁ፣ ማንሳት ከተፈቀደ ምስሉን በስልክ ያዙ፣ ከዚያ በእግር ሂዱበት። ለምሳሌ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ በልብስ ሰፊዎቹ መሃል አልፋችሁ ፈረስ መጋላ የሚባለው አደባባይ ትወጣላችሁ።

ይህ የሚሠራው ጁገል፣ በግንብ የታጠረው የድሮው ሐረር፣ ዛሬም ሰው የሚኖርበት ከተማ ስለሆነ ነው። ግንቡ አለ፣ ጠባቦቹ መንገዶችም አሉ። ስለዚህ የተለወጠው ነገር ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ራምቦ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1883 ካነሳቸው አንዱን ከመረጣችሁ ደግሞ የመድኃኔዓለምን ቤተክርስቲያን አትፈልጉ፤ የተሠራው ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1887 ሐረር ከገቡ በኋላ ነው። እኔን በጣም ደስ የሚለኝ እንዲህ ያለውን ልዩነት ቦታው ላይ ቆሞ ማየት ነው።

ገበያው በደራበት ሰዓት ግን ይህን አታድርጉ። መሃል መንገድ ላይ ስልክ ደግኖ መቆም ነጋዴውንም መንገደኛውንም ያስቸግራል። ሰውም ሳታስፈቅዱ አታንሱ።