ንግሥት ጉንዳን ፍለጋ ጎሬ አትቆፍሩ

ጉንዳን በመስታወት ቤት ማሳደግን በዩቲዩብ እያየ የሚጓጓ ሰው እየበዛ ነው። ደስ ይለኛል። ግን እባካችሁ ለዚህ ብላችሁ ጎሬ አትቆፍሩ። ንግሥቷ ከሞተች ሠራተኞቹን የሚተካ የለም።

ይልቅ ጥሩ ዝናብ ጥሎ ፀሐይ ስትወጣ መሬት መሬቱን እዩ። ክንፏን ጥላ ብቻዋን የምትሮጥ፣ ደረቷና ሆዷ ወፈር ያለ ጉንዳን ካገኛችሁ እሷ ትሆናለች። ክንፉ የነበረበት ቦታ ላይ ትንንሽ ጠባሳ ይታያል። በሸዋ ሮቢትና በቆላው በኩል ከምስጥ እንዳታምታቱ፤ የጉንዳን ወገብ ቀጭን ነው፣ አንቴናዋም እንደ ክርን ይታጠፋል። ገብረ ጉንዳንን ተዉት፣ ለቤት አይሆንም።

ጠባብ ብልቃጥ ውሰዱ። ሲሶውን ውሃ ሙሉ፣ ውሃው እስኪነካው ጥጥ ጠቅጥቁ። ንግሥቷን አስገብታችሁ አፉን በሌላ ጥጥ ዝጉና ጨለማ ቦታ አስቀምጡ። የብዙ ዝርያ ንግሥቶች የመጀመሪያ ልጆቻቸው እስኪወጡ ምግብ አይፈልጉም። የበረራ ጡንቻቸው ራሱ ስንቅ ይሆናቸዋል። ይገርማል እኮ! በየሰዓቱ እያነሳችሁ ካያችኋት ግን ትጨነቃለች፣ እንቁላሏንም ልትበላ ትችላለች።

ደብረ ብርሃን ላይ ዋናው ፈተና ብርዱ ነው። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እጮቹ ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት። ማታ ከመስኮትና ከሲሚንቶ ወለል አርቁት፣ በጨርቅ ጠቅልሉት። ፀሐይ ላይ ግን በፍጹም፤ ብልቃጡ ቶሎ ይግላል። ሠራተኞቹ ሲወጡ አንድ ጠብታ የስኳር ውሃና የሞተ ዝንብ ስጧቸው።