እምቢ ያለውን የቮልስ ፍላይዊል ዳዶ ብቻችሁን እንዴት ትፈቱታላችሁ

የድሮ ቮልስ ካላችሁና ከሞተሩና ከካምቢዮው መገናኛ ስር ዘይት የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ከፍላይዊሉ (ሞተሩ ጫፍ ላይ ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ጀርባ ያለው ሲል፣ ማለትም ዘይት ማገጃው ቀለበት ነው። ሲሉ ራሱ ተራ ጎማ ነው፤ መቀየሩ ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። ጣጣው ያለው እሱ ጋ እስክትደርሱ ነው። ፍላይዊሉን ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ላይ ወጥሮ የያዘ አንድ ትልቅ ዳዶ አለ፤ ስንቱን ሰው አስለቅሷል መሰላችሁ።

ብዙ መኪና ላይ ፍላይዊል በስድስት ወይም በስምንት ብሎን ይታሰራል፣ ጭነቱን ይካፈሉታል። በአየር የሚቀዘቅዘው ቮልስ ግን አራት ፒንና አንድ ባለ 36 ሚሊሜትር ዳዶ ብቻ ነው ያለው። ፋብሪካው ይህን ዳዶ በ343 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ኃይል መለኪያ ነው) ገደማ አጥብቁት ይላል። የአንድ ትንሽ መኪና የጎማ ብሎን ከ100 እስከ 120 ቢሆን ነው። እዚያ ላይ የዓመታት ሙቀትና ዝገት ሲጨመር፣ በተራ ቁልፍ ንቅንቅ የማይለው ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ዳዶ እንበለው እንጂ ቅርጹ ወደ ብሎን ያደላል። ጭንቅላቱ ውጭ ነው፣ ጥርሱ ክራንክ ሻፍቱ ውስጥ ገብቷል፣ ሆዱ ውስጥ ደግሞ የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ የሚያርፍበት ትንሽ ኩሽኔታ አለ። ስለዚህ ዝገት ማስለቀቂያ ፈሳሽ ብትረጩ ጥርሱ ጋ የሚደርሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እሳትም አልመክርም። የሞተሩ አካል የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፣ ማግኒዚየም ደግሞ አንዴ ከተያያዘ ማጥፋቱ ሌላ ታሪክ ነው። መፍትሄው ጉልበት ነው፤ ግን ቦታውን ያወቀ ጉልበት።

ሁለተኛው ሰው ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው ይህን ሥራ ለሁለት ነው የሚሠራው፦ አንዱ ሞተሩን ያቅፋል፣ አንዱ ቁልፉን ይገፋል። እውነቱን ለመናገር ሞተሩን ያቀፈው ሰው ትርፉ ድካም ነው። 100 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሞተር በ343 ኒውተን ሜትርና ከዚያ በላይ ሲጠመዘዝ በእቅፍ ይያዛል እንዴ?

ቁም ነገሩ ይሄ ነው፦ ትግሉ በዳዶውና በፍላይዊሉ መካከል ይሁን። ፍላይዊሉን አንድ ረጅም ብረት ይያዘው፣ ዳዶውን ሌላ ረጅም ብረት ያዙረው፣ ሁለቱ ብረቶች እንደ መቀስ እጀታ እርስ በርስ ይጠጉ። ያኔ ሞተሩ ምንም አይሰማውም፣ እናንተም ማንንም መጥራት አያስፈልጋችሁም።

እኔ ይህን የተማርኩት ተቀጥቼ ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ፍላይዊሉን የያዝኩበት ብረት ግማሽ ሜትር የማትሞላ ቁራጭ ነበረች፤ ቁልፉ ላይ የሰካሁት ቱቦ ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል። ቱቦው ጫፍ ላይ ወጥቼ ስጫን ዳዶው ዝም አለ፣ ሞተሩ ግን በፍላይዊሉ በኩል ብድግ ብሎ ተነሳ። ደንግጬ ስወርድ ተመልሶ ዱብ አለና በወዲያኛው ጫፍ ያለው ፑሊ ተጣመመ። ነገሩ ተራ ሂሳብ ነው። ቱቦው የመያዣውን ብረት ሦስት እጥፍ ስለሚረዝም፣ እኔ በጫንኩት ልክ ሦስት እጥፉ ከወለሉ ወደ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ መያዣው ብረት ከቱቦው ጋር እኩል ወይም ለእኩል የቀረበ ርዝመት ይኑረው። ሌላውን ብትረሱ ይህችን አትርሱ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

36 ቁጥር ቡሶላ (ዳዶው ራስ ላይ የሚሰካው ክብ ቁልፍ)፣ ውስጡ ባለ ስድስት ጎን። ባለ አሥራ ሁለት ጎኑ የዳዶውን ማዕዘን ይልጠዋል። የእጀታው መግቢያ ባለ 3/4 ኢንች ይሁን፤ በ1/2 ኢንች እጀታ የሞከሩ ሰዎች ለሁለት የተከፈለ እጀታ ይዘው ይቀራሉ፣ አንዳንዴም ፊታቸውን ይመታቸዋል። ራቼት (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያዞረውን እጀታ) በጭራሽ አታስገቡ፣ ውስጡ ይበተናል። እጀታው ላይ የሚሰካ አንድ ሜትር ከሃያ ገደማ የሚረዝም ወፍራም የብረት ቱቦ። ተመሳሳይ ርዝመት ያለው ጠንካራ አንግል ብረት። የፍሪሲዮን መክደኛው ከሚታሰርበት ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ ባለ 8 ሚሊሜትር ሁለት ብሎኖች። አጭር የቡሶላ መቀጠያ አንድ፣ የመኪና መቆሚያ አንድ፣ ጣውላ ጥቂት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጭነት ማሰሪያ ቀበቶ፣ ያ በመወጠሪያው ቀጭ ቀጭ እያለ የሚጠብቀው። ለምን እንደሆነ ታያላችሁ።

ዝግጅቱ

ሞተሩ ወርዶ ጠፍጣፋ ወለል ላይ፣ በጣውላ ላይ ተደላድሎ ይቀመጥ። ከሥሩ ሽብልቅ አድርጉለት፣ አይወዛወዝ።

ቀጥሎ ፍሪሲዮኑ ይውጣ። መክደኛውና ፍላይዊሉ ላይ በቀለም አንድ መስመር አስምሩ፣ ስትመልሱት በነበረበት እንዲገባ። ስድስቱን ብሎኖች አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ ሁሉንም በየተራ ግማሽ ዙር ግማሽ ዙር ፍቱ፣ ካልሆነ መክደኛው ይጣመማል። ውስጡ የሚታየውን ጥቁር አቧራ በአየር አትንፉት። የድሮ ፍሪሲዮን አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

አሁን መያዣውን ብረት እንሥራ። የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት በማስመሪያ ለመለካት አትድከሙ። አንድ ካርቶን ፍላይዊሉ ላይ ለጥፉና ጎን ለጎን ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ላይ በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት፤ የቀዳዳው ክብ ካርቶኑ ላይ ይታተማል። ካርቶኑን አንግል ብረቱ ጫፍ ላይ አስቀምጡና በ9 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ብሱ። ብረቱን በሁለቱ ብሎኖች ፍላይዊሉ ላይ እሰሩት። ብሎኖቹ ጥርሳቸው ሙሉ ለሙሉ ይግባ፣ ግን ጫፋቸው ከጀርባ ወጥቶ የሞተሩን አካል እንዳይነካ እዩ። ቡሶላው መሃል ላይ በነፃነት መግባቱንም አረጋግጡ።

አንዳንዱ ሰው «ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ብሎ ካቻቢቴ የፍላይዊሉ ጥርስ ውስጥ ሸጉጦ አካሉ ላይ ያስደግፈዋል። አታድርጉት። ጥርሱ ይሸረፋል፣ ወይም ያ ለስላሳ አካል ጥግ በጥግ ይሰነጠቃል። ዳዶ ልፈታ ብሎ ሞተር መግዛት ማለት ነው።

ፍልሚያው

ዳዶው ተራ ጥርስ ነው፣ ወደ ግራ ይፈታል። ፍላይዊሉን ፊት ለፊት እያያችሁ ቁሙ። መያዣው ብረት በግራችሁ በኩል ይውጣ፣ ጫፉ ወለሉን ይንካ፤ ካልደረሰ ከሥሩ ጣውላ አስገቡ። ከዚያ ቡሶላውን ዳዶው ላይ እስከ መጨረሻው ሰክታችሁ እጀታውንና ቱቦውን እንዲሁ በግራ በኩል፣ ከመያዣው ብረት በላይ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ሁለቱ አሁን አፉን የከፈተ መቀስ ይመስላሉ።

ብቻውን የሚሠራ ሰው በእውነት የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፦ ቡሶላው ጠምዘዝ ብሎ ይወጣል። ጉልበት ከጫፍ ሲመጣ ቡሶላው ወደ ጎን ያዘነብላል፣ የዳዶውን ማዕዘን ይልጥና ያመልጣል። መላው አጭር መቀጠያ መጠቀምና የመቀጠያውን ወጣ ያለ ጫፍ በመኪና መቆሚያው ላይ ማስደገፍ ነው፣ ልክ በዳዶው ቁመት። ቡሶላው ቀጥ ብሎ ይቀራል፣ እናንተም እጃችሁ ነፃ ይሆናል።

መጀመሪያ በክብደታችሁ ሞክሩት። 35 ኪሎ አንድ ሜትር ላይ ሲጫን ልክ 343 ኒውተን ሜትር ነው፤ 70 ኪሎ ሰው ቱቦው ጫፍ ላይ፣ አንድ ሜትር ከሃያ አካባቢ፣ ቢጫን ከ800 በላይ ይሰጣል። ብዙ ዳዶ እዚህ ጋ ይሸነፋል። ቀስ ብላችሁ ተጫኑ፣ አትዝለሉበት። ሲለቅ በአንዴ ነው የሚለቀው፣ «ጧ!» ብሎ እንደ ተሰበረ ነገር። ስለዚህ ከቱቦው ሥር ጣውላ ይኑር፣ እግራችሁ ግን በሁለቱ ብረቶች መካከል በፍጹም አይግባ።

ካልለቀቀ ያ ቀበቶ ይምጣ። የቱቦውን ጫፍና የመያዣውን ብረት ጫፍ አንድ ላይ ጠቅልላችሁ እሰሩና መወጠሪያውን ማጥበቅ ጀምሩ። ቀጭ። ቀጭ። ሁለቱ ብረቶች ሲሳሳቡ በዓይናችሁ ታያላችሁ፣ ቱቦው ትንሽ ይጎብጣል፣ ቀበቶው እንደ ክራር ጅማት ይወጠራል። ቀበቶው ላይ የተጻፈውን የክብደት ልክ አትለፉ፣ የተበላ ከሆነም አትጠቀሙበት፤ እያጠበቃችሁ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ቁሙ። ከወጠራችሁት በኋላ ካልለቀቀ ተዉት። ሻይ ጠጡ። ተመልሳችሁ በአጭር መዶሻ የቡሶላውን ጀርባ በቀጥታ ወደ ዳዶው አንድ ሁለቴ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት። ውጥረቱ ሳይላላ ንዝረቱ ሲጨመርበት ያኔ ነው የሚሸነፈው። እኔ ከዝላይ ይልቅ በዚህ እምላለሁ፤ ወገብ አይነካም፣ ሞተሩም ካለበት አይነቃነቅም።

በአየር ወይም በባትሪ የሚሠራ ኢምፓክት (እየመታ የሚፈታ ማሽን) ያለው ሰው በዚህ ሁሉ ሊስቅ ይችላል። ጠንካራ ከሆነ በሰከንዶች ይፈታዋል፣ አልክድም። ደካማ ከሆነ ግን ጆሮ ከማደንቆር አያልፍም።

ከፈታችሁ በኋላ

የመጀመሪያው ሩብ ዙር ካለፈ ቀሪው በእጅ ይዞራል። ዳዶው ከሮንዴላው ጋር ይወጣል። ፍላይዊሉን ከማውጣታችሁ በፊት ከክራንክ ሻፍቱ ጋር በምን አቅጣጫ እንደገባ ምልክት አድርጉበት። 8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ፒኖቹ ላይ ነክሶ ይቆይና ሳታስቡት ይመጣል፤ ከሥሩ ጣውላ አድርጉ፣ ጣታችሁን አርቁ። እምቢ ካለ በጎማ መዶሻ ዙሪያውን እየቀያየራችሁ መታ መታ አድርጉት።

ከጀርባው ሦስት ቀጫጭን ቀለበቶች ታገኛላችሁ። እንዳይጠፉ። የክራንክ ሻፍቱን የፊትና የኋላ ጨዋታ የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ ያ ጨዋታ ከ0.07 እስከ 0.15 ሚሊሜትር መሆን አለበት። የአራቱን ፒኖች ቀዳዳም ጣታችሁን አስገብታችሁ ዳስሱ። ክብነቱ ጠፍቶ እንቁላል ከመሰለ ዳዶው ከዚህ በፊት ላልቶ ነበር ማለት ነው፣ ያ ፍላይዊል ዳግም ባይገባ ይሻላል። ዳዶው ሆድ ውስጥ ያለውን ኩሽኔታ በትንሽ ጣታችሁ አዙሩት፤ ከተንኮሻኮሸ ወይም ደረቅ ከሆነ አዲስ ዳዶ ግዙ።

ስትመልሱት ያው መቀስ ይሠራል፣ ግን በተቃራኒው፦ ሁለቱም ብረቶች በቀኝ በኩል ይሁኑ፣ ቱቦው ከላይ። ብዙው ቶርክ ቁልፍ (የጥብቀቱን ልክ የሚያሳየው) 343 አይደርስም። እኔ የሻንጣ መመዘኛ ነው የምጠቀመው፣ ያ መንጠቆ ያለው። ከዳዶው መሃል አንስቼ ልክ አንድ ሜትር እለካና ቱቦው ላይ በኖራ ምልክት አደርጋለሁ፣ ቱቦውን አግድም አድርጌ መመዘኛውን እዚያ ምልክት ላይ አንጠልጥዬ ወደ ታች ቀጥ አድርጌ 35 ኪሎ እስኪያሳይ እስባለሁ። የቱቦው የራሱ ክብደት ትንሽ ይጨምርበታል፣ ያን ያህል አያሳስብም። አዲሱን ሲል ከማስገባታችሁ በፊት ግን ያን የክራንክ ሻፍት ጨዋታ ለኩ፤ ዳዶው በደንብ ጠብቆ ካልሆነ ልኩ ትክክል አይመጣም፣ ስለዚህ ይህን ዳዶ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ታጠብቁታላችሁ።

36 ቡሶላውን ደግሞ ሩቅ አታስቀምጡት። የኋላ ጎማ አክስል ዳዶም 36 ነው፣ እልኸኛነቱም ከዚህኛው አያንስም። እሱን ግን ጎማው መሬት ላይ እያለ፣ መኪናው በክሪክ ሳይነሳ ነው የምትፈቱት።